ኳስና ጠመኔ

ግጥም ትጠብቁ ከነበረ ይቅርታችሁን እለምናለሁ፤ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት የአንድ ተማሪ ደብተር ነው። ባለ ደብተሩ የእህቴ ልጅ ነው፤ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህችን የቤት ሥራ እይልኝ፤ አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ» አለኝ። የቤት ሥራው «ስፖርት ለኅብረተሰብ ያለውን ጠቀሜታ ዘርዝሩ» የሚል ነበር። ልጁም ዘርዝሯል። አንደኛ፣ ጤናን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ አንድነትን ያጠናክራል። ሦስተኛ፣ ወንድማማችነትን ያዳብራል። አራተኛ፣ አገርን ያስጠራል። አምስተኛ፣ ወጣቶችን ከአልባሌ ቦታ ይጠብቃል።

አምስተኛውን አንብቤ ገጹን ስገልጥ ከደብተሩ መካከል አንዲት ቀጭን ወረቀት ሾልካ መሬት ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብዬ አነሣኋት። የውርርድ ትኬት ነበረች። ሰባት የአውሮፓ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ተደርድረውባታል፤ ከሰባቱ አንዱ ግምት ከከሸፈ ሁሉም የሚከሽፍባት ዓይነት ትኬት።

የልጁ ፊት ዐመድ መሰለ። ቀስ በቀስ ሲናገር ነገሩ ተገለጠ። የክፍሉ ልጆች ለክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር ማሊያ ለማሠራት ያዋጡት ገንዘብ በእርሱ እጅ ነበር። ታማኝ ነው ብለው የመረጡት እነርሱ ናቸው። ከዚያ ላይ በመጀመሪያ ሃምሳ ብር «ተበደረ»፤ ሃምሳውን ለመመለስ መቶ፣ መቶውን ለመመለስ ሁለት መቶ። እንዲህ እንዲህ እያለ 1,400 ብር ጎደለ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል እውላለሁ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ መቶ ብር ቢጎድል የምተካው ከደመወዜ ነው። ስለዚህ ጉድለት የሚባለውን ነገር፣ የሰውን እንቅልፍ እንዴት እንደሚነሣ፣ ከብዙ ሰው የበለጠ ሳላውቀው አልቀርም። ልጁን ልቆጣው አፌን ስከፍት ግን እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሌላ ነገር ውስጥ አልገባሁም። አልቅምም፣ አልጠጣም። ስፖርት ነው የምከታተለው።»

ይህን ያለው ለማምለጥ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር። በእርሱ ዘንድ ትኬቷም፣ ኳሷም፣ ደብተሩ ላይ ያሉት አምስት ነጥቦችም የአንድ ነገር ስሞች ነበሩ። እስቲ ልፈትንህ ብዬ ስለ አንድ የለንደን ክለብ ብጠይቀው ተጠባባቂ ተጫዋቾቹን ሳይቀር ከነማሊያ ቁጥራቸው ወረደልኝ። ይድነቃቸው ተሰማ ማን ነበሩ ብለው ግን፣ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «በስማቸው የሚጠራ ነገር ያለ ይመስለኛል» አለ። አልሳቅሁበትም። ማን አስተምሮት ያውቃል?

ይህች ጽሑፍ የተወለደችው ከዚያች ቅዳሜ ነው። አቋሜ አጭር ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስፖርትን እናሠራለን እንጂ ስለ ስፖርት አናስተምርም። ልጆቻችን እንዲሮጡ እናዛለን፤ ሩጫና ኳስ በሰው ልጆች ኑሮ ውስጥ ምን እንደ ሠሩ፣ ማንን እንዳቀፉ፣ ማንን እንደ ገፉ፣ ማን እንደ ከፈለባቸው፣ ማንስ እንዳተረፈባቸው ግን አንነግራቸውም። የነገርናቸው ዕለት ደግሞ በአምስት ቁጥር ከፋፍለን፣ ውዳሴ አድርገን ነው። ውዳሴ ደግሞ ይሸመደዳል እንጂ አያነቃም። ልጅን የሚያነቃው ጥያቄ ነው።

በእኔ የተማሪነት ዘመን የስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚወደድ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ የሚወደደው ግን እንደ ትምህርት ስለማይቆጠር ነው። መምህሩ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ሜዳውን ሁለት ዙር ያስሮጡንና አንድ ኳስ ይወረውሩልናል። ወንዶቹ ኳሷን እንከተላለን። ሴቶቹ በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠጉር ይሠራራሉ። በልጅነት ልምሻ አንድ እግሩ የሰለለ አንድ የክፍላችን ልጅ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሁላችንንም ሹራብ ይጠብቃል። «የሹራብ ሚኒስትር» እንለው ነበር። እርሱም ይስቅ ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ኳስ እንዳልነካ ያስተዋልሁት ግን ከትምህርት ቤት ከወጣን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ዝናብ የጣለ ዕለት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ማስታወሻ እንገለብጣለን። የመረብ ኳስ ቡድን በሜዳ ላይ ስንት ተጫዋች አለው? ስድስት። ማራቶን ስንት ነው? 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ዛሬም አልረሳሁትም። ነገር ግን አበበ ቢቂላ እንኳ ለእኛ የማስታወሻ መስመር ነበር፤ ሮም፣ በባዶ እግር፣ አንደኛ። ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ፣ በዓመቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ማንም አልነገረንም። በዓለም ፊት በእግሩ የታወቀ ሰው እግሩን ሲያጣ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን አልዘጋም፤ በእጁ ሊወዳደር ተመልሶ መጣ። ይህን በዘጠነኛ ክፍል ሰምተን ቢሆን ኖሮ የሹራብ ሚኒስትራችን ሥልጣኑን በፈቃዱ የሚለቅ ይመስለኛል። ቢያንስ እኛ እናፍር ነበር።

አባቶቻችን ጨዋታ በኅብረተሰብ ውስጥ ያለውን ቦታ ሳይጽፉት ያውቁት ነበር። የገናን ጨዋታ አስቡት። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው ሩሯን ሲጠልዙ በዚያች ዕለት ሎሌና ጌታ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው ብሂል የመጣው ከዚያ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ዱላ አንሥቶ ከጌታው ጋር ይጋፋል፤ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታውም አይከሰስም። እንግዲህ እዚህ ላይ ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚሆን ጥያቄ አለ። ያች አንዲት ቀን የሎሌውን ኑሮ አሻሻለችለት ወይስ ቀሪዎቹን ቀናት እንዲችላቸው አደረገችው? ጨዋታ ነጻ ያወጣል ወይስ ያስተነፍሳል? መልሱን እኔም አንድ አድርጌ አልያዝሁትም። ግን አንድ የዐሥረኛ ክፍል ልጅ በዚህ ጥያቄ ሠላሳ ደቂቃ ቢከራከር «አንድነትን ያጠናክራል» ብሎ ከሚገለብጥ የበለጠ ይማራል።

ወደ ልጁ ጉድለት ልመለስ። ገንዘቡን ተክቼ ነገሩን ማዳፈን እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። ሰኞ ዕለት ከመሥሪያ ቤቴ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ አብሬው ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። የስፖርት መምህርቱ ነገሩን በትዕግሥት ሰሙን። ልጁ ራሱ ለክፍሉ እንዲናገር ተስማማን፤ ተናገረም። የክፍሉ ልጆች ተመካክረው ፈረዱበት፤ ገንዘቡን በየወሩ እየከፈለ ይመልሳል፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ከጨዋታ በኋላ ማሊያዎቹን ያጥባል። ማሊያው እንዳይዘገይ ብድሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ወለድ፣ ግን በፊርማ።

ልወጣ ስል መምህርቱ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ገጣሚ ነዎት ሲል ሰማሁት። የፊታችን ዓርብ አንድ ክፍለ ጊዜ ልስጥዎትና ስለ ስፖርት የሚያውቁትን ይንገሩልኝ፤ እኔ ሜዳ ላይ የማልነግራቸውን» አሉኝ። ስፖርተኛ አይደለሁም፤ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ የሚያለከልክ ሰው ነኝ። ነገር ግን እሺ አልሁ። ያን ሳምንት ማታ ማታ ግጥሜን ትቼ አንድ ክር ፈለግሁ፤ ብዙ ስም ከመደርደር አንድን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ይሻላል ብዬ።

ዓርብ ዕለት ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ላይ አራት የከተማ ስሞች ጻፍሁ። ካርቱም፣ ሮም፣ ሞንትሪያል፣ ባርሴሎና።

ካርቱም፣ እ.ኤ.አ. 1957። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተውና የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው እዚያ ነው። መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን የምንልከው ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ነው፣ የተቀላቀለ አንልክም አሉ። በዚህ ምክንያት ከውድድሩ ወጡ። ተጋጣሚያቸው የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። «እንግዲህ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ትምህርት በጎል የተጻፈ አልነበረም» አልኋቸው። «ባልተደረገ ጨዋታ የተጻፈ ነው።»

እዚህ ላይ ይድነቃቸው ተሰማን አስተዋወቅኋቸው። ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ። ልጅየው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ የወሰደውን ብሔራዊ ቡድናችንን አሠለጠኑ፤ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መሩ። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሸንጎ የዘር መድልዎን አጥብቀው ከታገሉት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። አባት በቅኔ የሠራውን ልጅ በስብሰባ አዳራሽ ሠራው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ያን የ1962 ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ ሰው ነው። «እኛ» የምንለው ማንን ነው ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል?

ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1960። አበበ የሮጠበት ቀን በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። በመንገዱ ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአክሱም ወስደው ያቆሙት ሐውልት ነበረ። የመጨረሻውን ፍጥነት የጨመረው በዚያ ሐውልት አጠገብ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005፣ አክሱም ላይ ዳግም የቆመው በ2008 ነው፤ ሯጩ ግን አጠገቡ የደረሰው ከሁላችንም ቀድሞ ነው። ለክራችን የሚያስፈልገን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ የሮም ኦሊምፒክ በኋላ ለ32 ዓመታት በኦሊምፒክ አልታየችም።

ሞንትሪያል፣ እ.ኤ.አ. 1976። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር በሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ በጨቋኞቻቸው ቋንቋ አንማርም ብለው። ተተኰሰባቸው። «ተማሪዎች» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፌ አሰመርሁበት፤ እኩዮቻችሁ ነበሩና። ያን ሰሞን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወት ነበር። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከኦሊምፒክ ትውጣ አሉ፤ ሰሚ ሲያጡ ከ20 በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ከኢትዮጵያ ጋር ምሩፅ ይፍጠር ወጣ። ምሩፅ ከዚያ አራት ዓመት በፊት በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዶ ነበር፤ በሞንትሪያል የሁለቱንም ርቀት ወርቅ ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ሲወስድ እርሱ በመም ላይ አልነበረም። ማርሽ ቀያሪው በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ነው፤ እርሱም ኦሊምፒክ ራሱ በሌሎች አገሮች አድማ የተመታ ነበር። በ1984ና በ1988 ደግሞ ኢትዮጵያ እንደገና ቀረች። በዚህኛው ጊዜ ምክንያቱ የዘር መድልዎ ሳይሆን የኃያላን መንግሥታት ጎራ ነበር።

ባርሴሎና፣ እ.ኤ.አ. 1992። የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ። ደራርቱ ቱሉ ከበቆጂ፣ ኤላና ሜየር ከደቡብ አፍሪካ። ጥቁርና ነጭ። ደራርቱ ቀደመች፤ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያም ተቀናቃኟን ጠብቃ ተቀበለቻት፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በካርቱም ያልተደረገው ጨዋታ ከ35 ዓመት በኋላ በባርሴሎና ተደረገ ብል ያምርብኛል፤ ልጆቹም ይህን ስል ዝም ብለው ሰሙኝ። አጨብጭበው የሚለያዩ መስሎኝ ጠመኔዬን አስቀመጥሁ።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ምሩፅስ ምን አጠፋ?» አለ።

«እንዴት?» አልሁት።

«የወጡት መንግሥታት ናቸው። እርሱ የዘር መድልዎ አልሠራ። አራት ዓመት የተለማመደው እርሱ ነው። ጠይቀውት ነበር?»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዷ ልጅ በሶዌቶ የሞቱት ከወርቅ ይበልጣሉ አለች። ሌላው፣ ይበልጣሉ፣ ግን ስለ እነርሱ የሚከፍለው ለምን ሯጭ ብቻ ይሆናል፣ ነጋዴውስ፣ ባለሥልጣኑስ ምን ከፈለ አለ። ሌላዋ ደግሞ የ1976ቱና የ1984ቱ መቅረት አንድ አይደለም፣ አንዱ ለሰው ሌላው ለጌታ ነው አለች። እኔ ያን ልዩነት እንዲህ አሳጥሬ አስቤው አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ከሁሉም በኋላ ቀስ ብሎ፣ «በሌላ ሰው እግር መወራረድ ይቀላል» አለ። ማንን ማለቱ እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ አንዲት ልጅ ተነሣች። «እርስዎ ስለ ደራርቱ ነገሩን፤ እናመሰግናለን። ግን እዚህ ሜዳችን ላይ ኳሷ ወደ ሴቶች የምትመጣው ከሜዳ የወጣች ጊዜ ብቻ ነው። እኛም መልሰን እንወረውራለን። ስለዚህስ ምን ይላሉ?»

መልስ አልነበረኝም። በግንቡ ጥላ ሥር የነበሩት የእኔ ዘመን ልጃገረዶች ትዝ አሉኝ፤ ሹራብ ጠባቂውም ትዝ አለኝ። መምህርቱ ግን ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳውን በሰዓት ከፍለው ለሴቶቹ የራሳቸውን ተራ ሰጧቸው፤ ወንዶቹ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለመዱ። አራት ከተሞች ተሻግረን የደረስንበት እዚሁ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነበር። ስለ ስፖርት ማስተማር ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ከካርቱም ተነሥቶ የራስን ሜዳ ማየት።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዶች፣ «ስፖርትን ከፖለቲካ አታነካካው፤ ለልጆች ኳስ ስጣቸውና ይጫወቱ» ይሉኛል። አሳባቸው ይገባኛል። በ2010ና በ2011 ዓ.ም. በስታዲየሞቻችን የደጋፊዎች ጠብ የብሔር መልክ ይዞ ጨዋታ እስከ ማቋረጥ እንደ ደረሰ ያላየ የለም። ያን ያየ ሰው ነገሩን ከሥሩ መሸሽ ቢፈልግ አልፈርድበትም። ነገር ግን ድንጋይ የወረወሩት ልጆች ከስፖርት ታሪክ ብዙ ስለ ተማሩ አልወረወሩም። የተማሩት «አንድነትን ያጠናክራል» የሚለውን አንድ መስመር ነው፤ መስመሩም አልያዛቸውም። የቫሳሎን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ ድንጋዩን ከማንሣቱ በፊት ምናልባት አንድ ጊዜ ያመነታል። እኔ የምለምነው ያችን ማመንታት ነው።

ሌሎች ደግሞ ጊዜ የለም ይላሉ፤ ለብሔራዊ ፈተና የማይመጣ ትምህርት ማን ያጠናል? እውነት ነው፣ አይመጣም። ሐቀኝነትም ለፈተና አይመጣም፤ እኔ ባለሁበት መስኮት ግን በየቀኑ ይመጣል። ደግሞም የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በወር አንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከሜዳ ወደ ክፍል ይግባ፤ ዝናብን ሳንጠብቅ። ታሪኩ ሲነገር ከነሽንፈቱ፣ ከነመቅረቱና ከነዋጋው ይነገር። ልጆቹ አያቶቻቸውን ስለ ገና፣ ስለ ጉግስ፣ ስለ ትግል ጠይቀው ይጻፉ፤ የአማርኛ መምህሩም ያን ጽሑፍ እንደ ድርሰት ይረሙት። ተማሪዎች በየተራ ዳኛ ይሁኑ፤ ፊሽካ የነፋ ልጅ ፍርድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። የውርርድ ትኬትም ክፍል ውስጥ ይምጣና ሒሳቡ ይሠራ፤ ሰባቱንም የመገመት ዕድል ስንት ነው? የሒሳብ መምህሩ በአንድ ጠመኔ ያሳዩታል። እኔ ለልጁ ያሳየሁት እንዲያ ነው። እያንዳንዱን ጨዋታ እንደ ሳንቲም ውርወራ፣ ግማሽ በግማሽ ብንቆጥረው እንኳ፣ ሰባቱም የሚሠምሩት ከ128 አንዴ ነው። ከተቆጣሁት ቁጣ ሁሉ ያች ቁጥር በለጠች።

መምህር ምን ያህል ይችላል ለሚለኝ ደግሞ በቆጂን እጠቅሳለሁ። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ዓለም ስለዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ዘጋቢ ፊልም እስኪሠራ ድረስ የተደነቀው በአየሩና በዳገቱ ነው። ዳገትና አየር በብዙ የአገራችን ከተሞች አለ። በቆጂ የነበረው ሌላ ነገር ልጆቹን አንድ በአንድ ያየ መምህር ነው። ከልጆቻችን ሁሉ ደራርቱ አትወጣም፤ መውጣትም የለባትም። ከሁሉም ግን ማን ከሜዳው ዳር እንደ ቆመ የሚያይ ሰው ሊወጣ ይችላል።

የእህቴ ልጅ ዕዳውን እየከፈለ ነው። ከጨዋታ በኋላ ማሊያዎቹን ጓሯችን ውስጥ በትልቅ ሳፋ ሲያጥብ አየዋለሁ፤ ዐሥራ አንድ ማሊያ ማጠብ ቀላል አይደለም። ደብተሩንም መልሶ አሳየኝ። አምስተኛውን ነጥብ በአንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ እንዲህ ጽፏል፤ «ስፖርት ብቻውን ከአልባሌ ቦታ አይጠብቅም። ሰው ነው የሚጠብቅ።» የፊደል ስሕተት ነበረበት፤ አላረምሁትም።

ባዶ እጄን እንዳልሄድ፣ በዚያች ዓርብ ማታ የጻፍኋትን እነሆ።

ፊሽካዎን ሳይነፉ መምህሬ ሆይ ይስሙኝ፣
ከመሮጤ በፊት መንገዱን ይንገሩኝ፤
ማን አልፎበት ነበር፣ ማንስ ተከለከለ፣
ዛሬስ ካጥሩ ማዶ የቀረ ማን አለ?
ሜዳው እኩል ቢሆን፣ ሳሩ ቢለመልም፣
ዳር የቆመ ካለ ጨዋታ አይባልም።